ስለ ማህሙት ኤሳት ቦዝኩርት የሚደጋገሙ ስህተቶች

ዓለም አቀፍ ሕግ አስተምራለሁ። የቱርኩ የሕግ ምሁርና የፍትሕ ሚኒስትር፣ በሎተስ ክርክር ቱርክን ወክለው ከፈረንሳይ ጋር የተሟገቱት ማህሙት ኤሳት ቦዝኩርት በተነሱ ቁጥር የምሰማቸው ስህተቶች ከዓመት ዓመት አይለወጡም፤ ሰልችቶኛል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«የሰመጠችው ሎተስ ናት።» አይደለችም። ኦገስት 2 ቀን 1926 ሌሊት የፈረንሳይዋ መርከብ ሎተስ በሌስቦስ ደሴት አቅራቢያ ቦዝ-ኩርት ከተባለች የቱርክ ከሰል ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። የሰመጠችው ቦዝ-ኩርት ናት፤ ስምንት ቱርካውያን ሞቱ።

«መርከቧ የተሰየመችው በእሳቸው ስም ነው።» ቱርኮች የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያዘዘው ሕግ የወጣው በ1934 ነው። ሰውየው ቦዝኩርት የተባሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

«የቱርክን ሕግ በሙሉ ከስዊዘርላንድ ገለበጡ።» የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከስዊዘርላንድ መጣ፤ የወንጀል ሕጉ ግን ከጣሊያን ነው።

«ለሁሉም ሰው እኩልነት የቆሙ ነበሩ።» በ1930 በኦዴሚሽ ባደረጉት ንግግር ንጹሕ ቱርክ ላልሆነ ሰው ያለው መብት አገልጋይ መሆን ብቻ ነው ብለዋል። ይህንም አብራችሁ ያዙ።

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ግን «ሎተስ የመርከብ ግጭት ክርክር ነው፤ ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው ተብሎ ቱርክ ረታች» የሚለው ነው። ማህሙት ኤሳት በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በምን ላይ ነው? በካፒቱላሲዮን! በኦቶማን ግዛት የአውሮፓ ዜጋ በኦቶማን ዳኛ ፊት ሳይሆን በራሱ አገር ቆንስላ የሚዳኝበት ሥርዓት ማለት ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው ውል ምክንያት እኛም ፈረንሳውያንን በራሳችን ዳኛ ብቻ መዳኘት አንችልም ነበር።

ቱርክ ከዚህ ሥርዓት የተላቀቀችው በ1923 በሎዛን ውል ነው። በሦስት ዓመቱ የኢስታንቡል ፍርድ ቤት የሎተስን ተረኛ መኮንን በ80 ቀን እስራትና በ22 ፓውንድ ቅጣት ሲቀጣ፣ ፈረንሳይ «ሥልጣን የላችሁም» አለች። ሚኒስትሩ ራሳቸው ሄግ ወዳለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደው የተሟገቱት ለዚህ ነው፤ ወጣት ሳሉ የጻፉበት ጥያቄ ችሎት ፊት ቀርቦ ነበር።

አንድ ተማሪ «በሙሉ ድምፅ ረቱ» ብሎ ጽፎ ነጥብ ስቀንስበት ቢሮዬ ድረስ መጣ። የ1927ቱን ፍርድ ከፍቼ አሳየሁት፦ ዳኞቹ ስድስት ለስድስት ተከፍለው፣ የፕሬዚዳንቱ የማክስ ሁበር ድምፅ ነው ነገሩን የቆረጠው። ስለ መርከብ ግጭት የተባለውንም የ1958ቱ የባሕር ስምምነት ገልብጦታል፤ በዚያ መሠረት በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ በግጭት የተከሰሰን መኮንን መክሰስ የሚችሉት የመርከቡ ባንዲራ ባለቤት አገር ወይም የራሱ የመኮንኑ አገር ብቻ ናቸው።

እባካችሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ማስታወሻ አትማሩ። በመጀመሪያ የፍሬ ነገሩን ክፍል አንብቡ፤ ቀጥሎ ሁለቱ አገሮች በጋራ ስምምነት ለፍርድ ቤቱ ያቀረቡትን ጥያቄ፤ ከዚያ የተለዩትን ዳኞች ሐሳብ፣ በተለይ የአሜሪካዊውን የሙርን። «ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው» የሚለውን ከዚህ በኋላ ጻፉልኝ፤ ያኔ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።