የመጋቢት መልስ፣ የሚያዝያ ምርጫ፦ ወደ አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች መግባት

ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የሚባለው ጉልበቱን በሙሉ በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ የሚያውል ትንሽ ኮሌጅ ነው። በሌሎች አገሮችም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ሥር የሰደደው ግን በአሜሪካ ነው። የተማሪው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 3,000 ይደርሳል፤ ከአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እምብዛም አይበልጥም። ተማሪው በግቢው ዶርም ያድራል፣ በግቢው ይበላል፤ የሚያስተምረውም የዶክትሬት ተማሪ ሳይሆን ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው።

ስሙ ያሳስታል። «አርትስ» ሲባል ሥዕልና ቲያትር ብቻ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው፤ «ሊበራል»ን ከፖለቲካ ጋር የሚያያይዝም አይጠፋም። ቃሉ የመጣው ከላቲን ሲሆን፣ ለነጻ ሰው ይገባሉ የተባሉትን ሰባት ትምህርቶች ያመለክት ነበር፦ ሰዋስው፣ አመክንዮ፣ የንግግር ጥበብ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ። ዛሬ ባዮሎጂም ኢኮኖሚክስም ኮምፒውተር ሳይንስም በዚሁ ጥላ ሥር ይሰጣሉ። በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው ቶማስ ቼክ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በአዮዋ የበቆሎ እርሻዎች መካከል ካለው ግሪኔል ኮሌጅ ነው። ኮፊ አናንም በ1961 የተመረቁት ከሚኒሶታው ማካሌስተር ነው።

ዕድሜያቸው ትንሽ አይደለም። ዊልያምስ በ1793፣ ቦውደን በ1794፣ ሚድልበሪ በ1800፣ አምኸርስት በ1821 ተመሥርተዋል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያውያን ቤት ስማቸው ሲጠራ የሚከተለው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለምን ዩኒቨርሲቲ አልገባችም?» ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ ያንሳል የሚለው የአገር ቤት ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከ100 አመልካቾች አሥር እንኳ የማይቀበሉ ኮሌጆች አሉ።

አገር ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ምደባን ነው። ተማሪው ምርጫውን ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል፣ «ምደባ ወጣ» ሲባል ይኼዳል። በአሜሪካው ሥርዓት ግን ኮሌጁም ተማሪውም ይመርጣሉ፤ ችግሩም ደስታውም ከዚህ ይመነጫል። እስከ መጋቢት ድረስ ተማሪው ተመራጭ ለመሆን ይለፋል፤ በሚያዝያ ሁኔታው ይገለበጥና መራጩ እርሱ ይሆናል። ብዙው ቤተሰብ ለመመረጡ ዓመት ሙሉ ይዘጋጅና ለመምረጡ ሳይዘጋጅ ይደርሳል።

የመጠበቂያው ወራት

አብዛኞቹ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚቀበሉት «ኮመን አፕሊኬሽን» በተባለው የጋራ ቅጽ በኩል ነው። በ1975 በ15 የግል ኮሌጆች የተጀመረው ይህ ቅጽ ዛሬ ከ1,000 በላይ ተቋማትን ያገናኛል። ትራንስክሪፕት፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና ድርሰት በዚያ ይገባሉ። የመጀመሪያው በር «ኧርሊ ዲሲዥን» ይባላል፤ በኖቬምበር ይዘጋል፣ መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል። ይህ በር ቃል ኪዳን ነው፦ ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ፈርመው ያመለክታሉ፤ ተማሪው ከተቀበሉት ሌሎች ማመልከቻዎቹን ሰርዞ ይገባል። የሚፈታው በዋነኛነት የተሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ብዙ ኮሌጆች በጃንዩዋሪ ሁለተኛ ዙር ይከፍታሉ። መደበኛው ማመልከቻ የሚዘጋው በዚያው በጃንዩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን፣ መልሱ ባመዛኙ የሚወጣው በማርች ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 ነው።

በእኛ አቆጣጠር ሲታይ የማርች ማብቂያ ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ሜይ 1 ደግሞ ሚያዝያ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ስለት የተሳለች እናት ቀኑን ለማስታወስ ማንም አያስፈልጋት።

ኮሌጆቹ መልሱ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመው ይናገራሉ። በማሳቹሴትስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ቤቱ ተኝቷል፤ ልጅቷ ስልኳን ብርድ ልብሷ ውስጥ አስገብታ የአመልካች ገጿን ትከፍታለች፤ በዚያው ደቂቃ ሺዎች ስለሚገቡበት ገጹ ይጎተታል። የይለፍ ቃሏን ትሳሳታለች፤ እንደገና ትጽፋለች። ከዚያ ደብዳቤው ሲከፈት ዓይኗ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ይፈልጋል፤ «እንኳን ደስ አለሽ» ከሆነ የቀረውን የምታነበው ከንጋት በኋላ ነው። ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ነገሩ በፖስታው ውፍረት ይታወቅ ነበር፤ የምዝገባ ቅጾች የታጨቁበት ወፍራም ፖስታ ተቀባይነት ነው፣ አንድ ወረቀት የያዘው ቀጭኑ ደግሞ ሳይከፈት ይነበባል። የፖስታ ሣጥኑን ከፍተው ያዩ ወላጆች ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ፊታቸውን ማስተካከል ነበረባቸው።

በሌላኛው ወገን የሚሆነው ከዚህ የቀዘቀዘ ነው። ማመልከቻውን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነበው ለዚያ አካባቢ ኃላፊ የሆነው የቅበላ ባለሙያ ነው፤ ከዚያ ሌላ ሰው ያነበዋል ወይም ኮሚቴ ይወያይበታል። አንድ ትንሽ ኮሌጅ በዓመት የሚያስገባው 500 ያህል ተማሪ ከሆነ፣ ከእነዚያ ውስጥ የእግር ኳስ ቡድኑ በረኛ ያስፈልገዋል፣ ኦርኬስትራው ክላሪኔት ነፊ ያጣል፣ የፊዚክስ ክፍሉም ተማሪ ይፈልጋል። ስለዚህ «ከእኔ ያነሰ ውጤት ያላት ገባች» የሚለው ቅሬታ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ውድድሩ ግን ከመጀመሪያውም የነጥብ ደረጃ አልነበረም። የምሩቃንን ልጆች ማስቀደም በአንዳንዶቹ ዘንድ አሁንም አለ፤ አምኸርስት በ2021 ትቶታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2023 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ ዘርን የቅበላ መመዘኛ ማድረግ ቀርቷል፤ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን በድርሰቱ መጻፍ ግን አልተከለከለም። ይህ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ የሐበሻ ልጆችንም ይነካል።

ከአገር ቤት ለሚያመለክት ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የመክፈል አቅም ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች የውጭ አገር አመልካች ምን ያህል ድጋፍ እንደሚፈልግ አይተው ይወስናሉ። አምኸርስትና ቦውደን አቅሙን ሳያዩ ከሚወስኑት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ በ1855 በባርነት ተቃዋሚዎች የተመሠረተ ሲሆን ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በግቢው ይሠራል። ከሦስተኛው የኮሌጅ ስፖርት ምድብ፣ ማለትም ከ«ዲቪዥን ስሪ»፣ ደንብ የተነሣም አብዛኞቹ ትናንሽ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ሯጭ ልጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከ«አዎ» እና ከ«አይሆንም» ሌላ ሦስተኛ መልስ አለ፦ ተጠባባቂ ዝርዝር። ኮሌጁ ከተቀበላቸው ስንቱ እንደሚመጣ ስለማያውቅ መጠባበቂያ ይይዛል። በአንዱ ዓመት ብዙ ሰው ከዝርዝሩ ይጠራል፣ በሌላው ማንም አይጠራም፤ የድጋፍ ገንዘቡም እስከዚያ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ገጽ የፍላጎት ደብዳቤ መላክ በቂ ነው። በየሳምንቱ መደወል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ምርጫው

ሁለት ወይም ሦስት «አዎ» በእጁ የያዘ ተማሪ መጀመሪያ የሚያነጻጽረው የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤዎቹን ነው። ስህተት የሚበዛውም እዚህ ነው። ለምሳሌ አንዱ ኮሌጅ የዓመት ወጪው 88,000 ዶላር ሆኖ 78,000 ቢሰጥ፣ ሌላው ወጪው 60,000 ሆኖ 45,000 ቢሰጥ፣ ርካሹ የመጀመሪያው ነው፤ ከኪስ የሚወጣው 10,000 ሲሆን በሁለተኛው 15,000 ነው። በ«ድጋፍ» ርዕስ ሥር የተደመረው ሁሉም ስጦታ አይደለም፤ ብድርና ተማሪው በግቢው ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝም አብረው ይቆጠራሉ። ዊልያምስ ከ2022 ጀምሮ ብድርንም የግዴታ ሥራንም ከድጋፉ አውጥቶ ሁሉንም በስጦታ ተክቷል። የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የክረምት ካፖርት በደብዳቤው ውስጥ መኖራቸውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ገቢያቸው በብር ለሆነ ቤተሰቦች ሌላም ጣጣ አለ። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከቤተሰብ የሚጠበቀው 5,000 ዶላር ከ285,000 ብር ወደ ከ500,000 በላይ ዘለለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ማስረጃ አያይዞ ድጋፉ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል፤ ሁልጊዜ ባይሳካም የተለመደ አሠራር ነው። በአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆኑት ደግሞ የሚሞሉት የመንግሥቱን የድጋፍ ቅጽ፣ ፋፍሳን ነው። አዲሱ ፋፍሳ በ2023 መጨረሻ ዘግይቶ ተከፍቶ በርካታ ኮሌጆች በ2024 ሜይ 1ን እንዲያራዝሙ አስገድዷል።

ገንዘቡ ከተቀራረበ ልዩነቱ በትምህርቱ አሰጣጥ ላይ ይታያል። አምኸርስት ከአንድ የመጀመሪያ ዓመት ሴሚናር በቀር አጠቃላይ የግዴታ ኮርሶች የሉትም፤ ሒሳብ የሰለቸው ተማሪ ሳይነካው ሊመረቅ ይችላል። ዊልያምስ ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ፕሮፌሰር ፊት ተቀምጠው የሚከራከሩባቸው ኮርሶች አሉት፤ በአንዱ ሳምንት አንደኛው ጽሑፍ ያቀርባል፣ ሌላኛው ይተቸዋል። መደበቂያ የለም። ሃቨርፎርድ በተማሪዎች የክብር ደንብ ስለሚመራ የማጠቃለያ ፈተና ያለ ፈታኝ ይሰጣል። የፈተና ክፍልን ከተቆጣጣሪ ጋር ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል።

ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ በደንብ ማጣራት አለበት፤ ስዋርዝሞርና ስሚዝ አላቸው፣ ብዙዎቹ ግን የላቸውም፤ ሦስት ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስምምነት ያቀርባሉ። ሕክምና በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት ስለሆነ «የሕክምና ኮሌጅ ነው ወይ?» የሚለው የአክስት ጥያቄ መልስ የለውም።

ቦታም ይመዘናል። ከስዋርዝሞር ባቡር ተሳፍሮ ፊላደልፊያ መውጣት ይቻላል፤ ማካሌስተር ያለበት ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች የበዙበት ከተማ በመሆኑ እንጀራ አይቸግርም። ዊልያምስ ያለባት ዊልያምስታውን በተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን ባቡርም የላትም። አምኸርስት፣ ስሚዝና ማውንት ሆሊዮክ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ባላቸው ስምምነት አንዱ ጋ ተመዝግቦ ሌላው ጋ ኮርስ መውሰድ ይቻላል፤ ትንሽነት ለሚያስጨንቀው መፍትሔ ነው።

ስለ ኮሌጁ የገንዘብ ጤንነት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በኒው ዮርክ የነበረው ዌልስ ኮሌጅ በ1868 የተመሠረተ ሆኖ ሳለ በ2024 ኤፕሪል ማብቂያ ላይ፣ የመወሰኛው ቀን ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ በዚያው የትምህርት ዘመን መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቋሚ ተቀማጭ ሀብታቸው ግዙፍ ለሆነው ለእነ ዊልያምስ ይህ አያሰጋም፤ ስማቸው እምብዛም ላልታወቀ፣ ትልቅ ቅናሽ ለሚያቀርቡ ትናንሽ ኮሌጆች ግን ጥያቄው ተገቢ ነው።

በሜይ 1 ተማሪው ለአንዱ ቀብድ ይከፍላል፤ ጥቂት መቶ ዶላር ሲሆን አቅም ለሌለው ብዙ ጊዜ ይቀርለታል። ለሁለት ኮሌጅ ቀብድ መክፈል እንደ ማታለል ይቆጠራል። ከዚያ ለውጭ ተማሪ ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የተባለው ወረቀት ይላክለታል፣ 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያ ይከፍላል፣ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ይሰለፋል። ለሌሎቹ ኮሌጆች «አልመጣም» ብሎ መመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በሜይ አጋማሽ በዚያ በተለቀቀ ቦታ ምክንያት ስልኩ የሚጮኽለት ተጠባባቂ አለ፤ እርሱም ሌላ ቦታ ቀብድ ከፍሏል፤ ለማሰብ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት አይዘልም።