«አፍሮ ላቲን ሶል»፦ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ የመጀመሪያ ሸክላዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር በተከፈተች አንዲት ጀበና ቡና ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ሙዚቃ የምናዳምጥ ጥቂት ጎረቤታሞች አለን። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የሆኑት፣ በአንድ ወታደራዊ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ትራምፔት ሲነፉ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ሲሆኑ፣ «ጋሼ» ከማለት በቀር በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ባለፈው ክረምት፣ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «ኢትዮጵያን ኲንቴት» ከተባለው ቡድናቸው ጋር ያሳተሟቸውን ሁለቱን የ«አፍሮ ላቲን ሶል» ሸክላዎች ከስልኬ ከፍቼ ባሰማሁበት ዕለት፣ ገና ሁለተኛው ዜማ ሳያልቅ ፍርዱ ከየአቅጣጫው ወረደ። ከዚያም ወዲህ ስለ እነዚህ ሥራዎች የሚነገረውን በጥሞና ስከታተል የቆየሁ ሲሆን፣ ደጋግሜ ከሰማኋቸው አስተያየቶች አብዛኞቹ ከማዳመጥ ሳይሆን ከመገመት የመጡ መሆናቸውን ተረድቻለሁ።

«የ1966ቱ አልበም የአብዮቱ ዘመን ሥራ ነው።»

ይህ ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ብቻ ቢመስልም፣ አልበሙን ካለቦታው የሚያስቀምጠው ግን ከሁሉም በላይ እርሱ ነው። 1966 ሲባል የእኛ ጆሮ የሚሰማው የካቲትን፣ የታክሲ አድማን፣ የንጉሡን መንግሥት መንገዳገድ ነው። ሸክላዎቹ የወጡበት 1966 ግን የፈረንጆቹ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር 1958 ወይም 1959 ዓ.ም. ማለት ነው። በእኛው 1966 አካባቢ የወጣው የሙላቱ ሥራ ሌላ ነው፤ እርሱም በአምሃ እሸቴ አሳታሚነት እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው «ኢትዮ ጃዝ» ነው። በቡና ቤታችን አንዱ ወጣት አልበሙ ውስጥ የአብዮት ዋዜማ ጭንቀት ይሰማኛል ብሎ በስፋት ሲያብራራ ከቆየ በኋላ፣ ጋሼ «ልጄ፣ ያኔ እኮ እኔ ገና ትራምፔት ጨብጬ ድምፅ ማውጣት የምማር ነበርኩ» ብለው ዝም አሰኙት። ስምንት ዓመት ለአንድ ሙዚቀኛ ብዙ ነው። በ1966ቱ እና በ1974ቱ ሙላቱ መካከል ወደ ሀገር መመለስ አለ፣ የአዲስ አበባ ባንዶችና የምሽት ክበቦች አሉ፣ ሌላ ሙሉ አልበም አለ።

«ሙላቱ ወደ ሀገር እስኪመለሱ ድረስ ተማሪ እንጂ ሙዚቀኛ አልነበሩም።»

እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለዱት ሙላቱ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ሙዚቃ አሸነፈና ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገቡ፤ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተሻግረው በዚያ ተቋም የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ። ኒው ዮርክ ሲደርሱ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ፣ ቡድን የሚመሩ፣ ዜማ የሚያቀናብሩ፣ ቫይብራፎንና ፒያኖ የሚጫወቱ ሙዚቀኛ ነበሩ፤ በጊል ስናፐር ይመራ በነበረው ዎርዚ በተባለ ትንሽ አሳታሚ አማካይነትም በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሸክላ አወጡ።

ይህ ሥራ ለምን ተዘነጋ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም ከጥራት ጋር የተያያዘ አይደለም። ዛሬ ዓለም ሙላቱን የሚያውቀው በሁለት በሮች በኩል ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃዎችን የሚያሰባስበው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም አራተኛ ቅጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያው ሙዚቃ የወሰደውና እ.ኤ.አ. በ2005 የታየው የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ነው። አራተኛው ቅጽ ደግሞ በርዕሱ እንደሚናገረው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ያለውን ዘመን ብቻ ይሸፍናል፤ የ1966ቱ ሸክላዎች በሦስት ዓመት ቀድመው ከደጅ ቀሩ። ለብዙ ዓመታት አሮጌ ሸክላ የሚለቅሙ ሰዎች ብቻ ሲያሳድዷቸው ቆይተው፣ ለንደን የሚገኘው ስትረት የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱንም እንደገና እስኪያወጣቸው ድረስ የተራ አድማጭ ጆሮ በቀላሉ የሚያገኛቸው አልነበሩም።

«ኢትዮጵያን ኲንቴት የኢትዮጵያውያን ባንድ ነበር።»

አልነበረም። በቡድኑ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ሙላቱ ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የተጫወቱት በአብዛኛው በኒው ዮርክ የሚኖሩ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሙዚቀኞች ነበሩ። ስሙ የተጫዋቾቹን ሀገር ሳይሆን የዜማውን ሀገር ይናገራል፤ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

«በላቲን ሙዚቃ ላይ የአማርኛ ስም የለጠፈ ሥራ ነው።»

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ይህ ነው፤ የተናገሩትም ጋሼ ራሳቸው ስለነበሩ በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነም። አስተያየቱ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም፤ ኮንጋና ቦንጎ የተባሉት የላቲን ከበሮዎች ድምፅ ገና ከመጀመሪያው ጎልቶ ይሰማል፣ ከዜማዎቹም አንዳንዶቹ ማምቦና ቻቻቻ የተባሉት የላቲን ዳንስ ስልቶች መሆናቸውን በርዕሳቸው ያውጃሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ሸክላ የሚከፈትበትን ዜማ ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ያ ዜማ «አይፈራም ጋሜ አይፈራም» ነው። ጋሜ የልጅነት የፀጉር ቁርጥ ቢሆንም፣ ዜማው ወኔ የሚቀሰቅስ፣ ከፉከራና ከሽለላ ሰፈር የመጣ የቆየ የጀግንነት ዜማ ነው። ሙላቱ ያደረጉት ይህንኑ ዜማ በስፓኒሽ ቃላት ማዘፈን ነው። ስም መለጠፍ ማለት የሌላውን ዜማ ወስዶ የራስን ስም መስጠት ከሆነ፣ እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ዜማው የእኛ፣ ቋንቋው የሌላው ሆኗል። ይህን ባስረዳሁ ጊዜ ጋሼ እንደገና እንድከፍተው አዘዙኝ፤ እስኪያልቅም ስኒያቸውን አላነሡም።

ከቃሉ በታች ያለው የቅኝት ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ሊጤን የሚገባው ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የምዕራቡ ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች ጥምረት) ግን ከሰባት ድምፅ መሰላል ላይ አንዱን እየዘለሉ አንዱን በመልቀም የሚገነባ በመሆኑ፣ በአምባሰል ዜማ ሥር ያለ ጥንቃቄ የተነጠፈ ኮርድ በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ ድምፆችን ይዞ ይገባል፤ ያን ጊዜ ዜማው እንደ ውሃ የበዛበት ወጥ ጣዕሙን ያጣል። ሙላቱ በልዩ ልዩ ጊዜ በሰጧቸው ቃለ መጠይቆች ደጋግመው የሚያነሡት ጭንቀት ይኸው ነው፤ አምስቱን ድምፅ ከምዕራቡ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር ሲያጋቡ የቅኝቱ ቀለም እንዳይደበዝዝ መጠንቀቅ። እንደ እኔ ግምት የላቲን ሙዚቃ የጠቀማቸው እዚህ ላይ ነው። በማምቦ ውስጥ ፒያኖው ብዙ ኮርድ አያግተለትልም፤ ሞንቱኖ የሚባለውን አጭር ሐረግ በሁለት ወይም በሦስት ኮርድ ላይ እያመላለሰ ይቆያል። በዚያ ጠባብና ተደጋጋሚ መሬት ላይ አምስት ድምፅ ያለው ዜማ ሳይጨናነቅ መራመድ ይችላል። ስለዚህ የላቲኑን ስልት መምረጥ የከተማው ፋሽን ያመጣው ምርጫ ብቻ አይመስለኝም፤ ለአንድ የአቀናባሪ ችግር የተገኘ መፍትሔም ጭምር ነበር።

ምቱም እንዲሁ ነው። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ሲሆን የማምቦው ምት በአራት ይቆጠራል፤ ሁለቱ የማይገናኙ የሚመስላቸው ግን ሥረ መሠረታቸው አንድ አፍሪካ መሆኑን ይዘነጋሉ። ጋሼ በሁለተኛው ሸክላ ላይ የሚገኘው «ከረዩ» ሲደመጥ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ችክችካ እየመቱ የሚጋጠሙበትን ቦታ ሲፈልጉ ቆይተው፣ ሲያገኙት እንደ ልጅ ሳቁ።

«ዘፋኝ የሌለው ሶል የለም።»

የአዲስ አበባ ጆሮ ሶልን የተዋወቀው በድምፃውያን በኩል በመሆኑ ይህ አመለካከት አያስደንቅም። በአስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ያሰማቸው የነበሩ ዘፈኖች፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ የነሐስ መሣሪያዎች፣ ከዚያም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የተባለው ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሶል ማለት ላብ በላብ የሆነ ዘፋኝ ነው የሚል ምስል ትተውልናል። በአሜሪካ ግን ቃሉ ከዚያ ይሰፋ ነበር። የሜምፊሱ ቡከር ቲ እና ኤም ጂስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1962 አንድም ቃል በሌለው በኦርጋንና በጊታር በሚመራ ዜማ የሶልን ገበያ አጥለቅልቆ ነበር። በ1966 ደግሞ በኒው ዮርክ የፖርቶ ሪኮና የጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ቡጋሉ የተባለውን ዳንስ ፈጥረው፣ የማምቦን ከበሮ ከሶል ጭብጨባና ከረገጥ ካለ ምት ጋር ያዋሕዱ ነበር። በሁለተኛው ሸክላ ላይ ያለው «ዘ ፓንተር» በርዕሱ ላይ ቡጋሉ መሆኑን የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ሸክላዎች አንድ ናቸው የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ወደ ማምቦ፣ ሁለተኛው ወደ ሶል ሲያዘነብሉ እሰማለሁ።

በተጨማሪም በአብዛኛው ያለ ዘፋኝ በተሠሩት በእነዚህ ሸክላዎች ውስጥ የዘፋኙን ቦታ የያዘ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ቫይብራፎን ነው። የብረት ዘንጎቹ በመዶሻ ሲመቱ ከሥራቸው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ድምፁ ይጎላል፤ በቱቦዎቹ አፍ ላይ በሞተር የሚሽከረከሩት ዝርግ ክቦች ደግሞ ድምፁን እየከፈቱና እየዘጉ ያርገበግቡታል። በትዝታ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፁን ሲያርገበግብ የሚሰማን ስሜት በ«አልማዝ» እና በ«ሻጉ» ውስጥ ከብረት ሲወጣ እሰማለሁ፤ ይህን የማይቀበል ካለ ግን አልከራከረውም፤ የጆሮ ጉዳይ ነው።

«ድምፁ የሳሳ ነው።»

የሳሳው ስልኩ ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ቤዙ እንደ ለመድነው በመጀመሪያው ምት ላይ አይወድቅም፤ ቀድሞ ይደርሳል፣ የዳንሱም ግፊት የሚመጣው ከዚያ ቀድሞ መድረስ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ፣ አድማጩ የሚሰማው የላዩን ቅርፊት ብቻ ይሆናል፤ ከበሮዎቹ መሠረት እንደሌለው ቆርቆሮ ይንኳኳሉ። እኔም በመጀመሪያው እሑድ ያሰማሁት በስልክ በመሆኑ ከፍርዱ ግማሹ የእኔ ጥፋት ነበር። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤታችን የሠርግ ካሜራ ከሚያነሣው ወንድሟ ተውሳ ያመጣችውን ድምፅ ማጉያ ሰክተን ስናዳምጥ፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በቆየው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለ መሳሳት ያነሣ ሰው አልነበረም።

«ይህ ልምምድ ነው፤ ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።»

ይህን ለመመዘን የሚያስችል አንድ ዕድል ሙላቱ ራሳቸው ትተውልናል። «መስከረም ሲጠባ» የተባለው ዜማ በ1966ቱ የመጀመሪያ ሸክላ ላይም፣ በዚያው በኒው ዮርክ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይም ይገኛል። የ1972ቱ አልበም የዋው ዋው ጊታር የሚያጉረመርምበት፣ ወደ ፈንክ የተጠጋ፣ ጥላ ያለበት ዓለም ነው፤ ለብዙዎቻችን ኢትዮ ጃዝ ማለት ያ ድምፅ በመሆኑ የቀደመውን በእርሱ መለኪያ እንለካዋለን። ሁለቱን ተከታትሎ ያዳመጠ ሰው ግን የኋለኛው የፊተኛው እርማት እንዳልሆነ ይረዳል። የ1966ቱ መስከረም ፀሐይ የወጣለት፣ ሰው የሚደንስበት አደባባይ ነው፤ የኋለኛው ግን ከቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት የሚታይ መስከረም ነው። አንድ አቀናባሪ ወደ አንድ ዜማ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚመለሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ስለከሸፈበት አይደለም።

ይህን ስል ግን ሁሉም ዜማ እኩል ነው እያልኩ አይደለም። «ፕሌይቦይ ቻቻ» እና «ላቨርስ ማምቦ» በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ የዳንስ ቤቶች ይሰሙ ከነበሩት ብዙ ሥራዎች የሚለያቸውን ነገር ደጋግሜ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ዳንሰኛ እንዲያገኙ የተሠሩ ይመስለኛል፣ በዚያም ነውር የለበትም። በእኛ ቡና ቤት እነዚህ ሁለቱ ሲደርሱ ቡና ይቀዳል፣ ወሬ ይጀመራል። «ከረዩ» ሲደርስ ግን ጋሼ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ወሬው ይቆማል።