ከባልቲሞር የሚነሳ ክሩዝ፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር የመሳፈሪያው ቀን

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ቤተሰብ አውሮፕላን ሳይሳፈር ክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ከሚይዝባቸው ወደቦች ዋነኛው ባልቲሞር ነው። ተርሚናሉ ሳውዝ ሎከስት ፖይንት በሚባለው ሰፈር፣ ከአይ-95 አውራ ጎዳና አጠገብ ይገኛል። ቀድሞ የወረቀት መጋዘን የነበረው ሕንፃ ለክሩዝ መንገደኞች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል፤ መኪናውም እስኪመለሱ ድረስ በቀን ሒሳብ እዚያው ይቆማል። መርከቦቹ ወደ ባሃማስ፣ ቤርሙዳና ካሪቢያን የሚሄዱ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ገደማ ነው። (እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ነው።)

በአብዛኞቹ ኩባንያዎች ሕፃን የሚሳፈረው 6 ወር ሲሞላው ነው። መርከቡ ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ወደብ ሳይነካ የሚጓዝ ከሆነ ዕድሜው 12 ወር መሆን አለበት።

ሰነድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጉዞው ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ ከሆነ፣ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ አሜሪካዊ ልጅ በልደት ሰርተፊኬት መሳፈር ይችላል። ሰርተፊኬቱ ግን ከስቴቱ የወጣው እንጂ ሆስፒታሉ የሕፃኑን የእግር አሻራ አትሞ የሰጠው የማስታወሻ ወረቀት አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በወላጆቹ በኩል ዜግነት ያገኘ ልጅ ደግሞ የኢትዮጵያ የልደት ሰርተፊኬቱ የት እንደተወለደ እንጂ አሜሪካዊ መሆኑን አያሳይም፤ የዜግነት ምስክር ወረቀት ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርቱን ይይዛል፤ የየደሴቱን የቪዛ ደንብም ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ያጣራል። የስም ነገርም አለ። በእኛ አጠራር ልጅ የአባቱን ስም ስለሚይዝ ከእናቱ የመጨረሻ ስም ጋር አይገጥምም። እናት ልጆቿን ብቻዋን ይዛ ስትሄድ ይህ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ በኖተሪ የተረጋገጠ የአባት የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ይበጃል። ያም ሆኖ ለልጁም ፓስፖርት ማውጣት ይሻላል፤ ልጁ ታሞ ደሴት ላይ ከወረደ በልደት ሰርተፊኬት በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ መመለስ አይቻልም።

ቀኑን ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው በተሳሳተ ሻንጣ የገባ ዕቃ ነው። ተርሚናሉ በር ላይ ተሸካሚዎች ትልልቁን ሻንጣ ይቀበላሉ፤ የካቢን ቁጥር ያለበት ታግ አስቀድሞ ታትሞ መታሰር አለበት። ሻንጣው ከዚያ በኋላ የሚገኘው አመሻሽ ላይ፣ አንዳንዴም ከእራት በኋላ ካቢኑ በር ላይ ነው። ስለዚህ እስከ ማታ የሚያስፈልገው ሁሉ በጀርባ ቦርሳ ይያዛል፦ ሰነዶች፣ መድኃኒት፣ የዋና ልብስ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅያሪ፣ ከ6 እስከ 8 ዳይፐር፣ የአንድ ቀን የዱቄት ወተት። ለሰባት ሌሊት ጉዞ ከ50 እስከ 60 ዳይፐር ከቤት ይጫናል፤ መርከቡ ላይ ያለው ሱቅ ምርጫውም ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ ነው።

ሻንጣ የሚዘገይበት ሌላው ምክንያት ኤክስሬይ ነው። ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ የቡና ማፍያ ማሽን፣ ሻማና ዕጣን ለእሳት አደጋ ሲባል ክልክል ናቸው። የቡና ዕቃ ጠቅልሎ የሚመጣ ቤተሰብ ካለ፣ ጀበናው ቢያልፍ እንኳ ምድጃውና ዕጣኑ አያልፉም። እንዲህ ያለ ዕቃ የተገኘበት ሻንጣ ጥበቃዎቹ ጋ ይቀራል፤ ባለቤቱ ሄዶ ከፍቶ ማሳየት አለበት፤ ልጁም ያለ ፒጃማ ይጠብቃል። ቤት የተሠራ ምግብም በአጠቃላይ አይፈቀድም። በላስቲክ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ ጥበቃዎቹ ሊነጥቁት ይችላሉ፤ ፋብሪካ ያሸገው ብስኩትና የሕፃን ምግብ ግን ያልፋል።

የመግቢያ ሰዓት የሚመረጠው ጉዞው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በኢንተርኔት ሲመዘገቡ ነው። ቀትር ላይ ለሚተኛ ልጅ የሚመቸው ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ያለው ነው፦ ገብቶ ምሳ በልቶ ሲጨርስ ካቢኑ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ልጁም መርከቡ ሳይነሳ ይተኛል። የመጨረሻው ሰዓት ቀልድ የለውም። የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር መርከቡ ከመነሳቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ ድንበር ጥበቃ መድረስ ስላለበት፣ ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ የደረሰ ሰው መርከቡ ዓይኑ እያየ ቆሞ ቢሆንም አይገባም።

ከገቡ በኋላ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ቡፌው ነው፤ ጋሪ ይዞ ሊፍት መጠበቅ ያኔ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ዋናው ምግብ ቤት በዚያ ቀን ለምሳ ክፍት መሆኑን መጠየቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጸጥ ያለ ነው። ከምሳ በፊት ግን የአደጋ ጊዜ ልምምዱን መጨረስ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ሲገለበጥ 32 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ቀን የተሳፈሩ መንገደኞች ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር። የቀድሞው ደንብ 24 ሰዓት ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ግን መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው ይደረጋል። በብዙዎቹ መርከቦች ቪዲዮውን በስልክ ወይም በቴሌቪዥን አይቶ፣ ወደ ተመደበው መሰብሰቢያ ሄዶ የመርከቡን የመንገደኛ ካርድ ማስነካት በቂ ነው። የሕፃኑም ካርድ ይነካል። ልጆች የመሰብሰቢያቸው ቁጥር ያለበት የእጅ አንባር ይታሰርላቸዋል፤ ገላቸውን ሲታጠቡም አይፈታም። የሕፃን ላይፍ ጃኬት ካቢን ውስጥ ከሌለ የካቢኑ አስተናጋጅ ያመጣል። የአደጋው ምልክት ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጡሩምባ ነው።

ወላጆች በመጀመሪያው ቀን በጣም የሚያዝኑበት ቦታ ዋና ገንዳው ነው። ዳይፐር ያደረገ ልጅ፣ የዋና ዳይፐር ቢሆንም፣ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ውኃው ከሰገራ በሚመጣ ተህዋሲ ከተበከለ መላው መርከብ ሊታመም ስለሚችል ደንቡ ጥብቅ ነው። አንዳንድ መርከቦች ለሕፃናት የተለየ የውኃ መርጫ ቦታ አላቸው፤ አስቀድሞ ማጣራት እንባ ያድናል። የልጆች ክበቡም ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት የሞላውንና ሽንት ቤት የለመደውን ብቻ ይቀበላል፤ ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ ግን ከ2 ዓመት ጀምሮ ዳይፐር የሚያደርገውንም ይቀበላል። ምዝገባው በዚሁ ከሰዓት ነው፤ ማን ልጁን መውሰድ እንደሚችልና አለርጂ ካለበት የሚጻፈው ያኔ ነው።

ካቢኑ ሲከፈት መጀመሪያ ቦታውን መፈተሽ ነው። የሕፃን አልጋ አስቀድሞ ካልተጠየቀ ላይደርስ ይችላል። የመታጠቢያ ቤቱ መድረክ ከፍ ስለሚል ልጆች ይደናቀፉበታል። በሮቹ ከባድ ናቸው፤ ነፋስ ሲገፋቸው ጣት ይቀጠቅጣሉ። በረንዳ ካለ ወንበሮቹ ከመከላከያው ይርቃሉ፣ የላይኛው መቆለፊያም ይዘጋል። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መስቀያ እርጥብ ልብስ ለመስቀል ይመቻል። በአንዳንድ መርከቦች የኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ የተሳሉት ዓሣዎች ሁሉ ወደ መርከቡ አፍንጫ ነው የሚዋኙት፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ከካርታ ይሻላሉ።

መርከቡ ሲነሳ ጡሩምባው ስለሚያስደነግጥ ሕፃን የያዘ ሰው ከጭስ መውጫው ራቅ ብሎ ይቁም። መንገዱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 የፈረሰው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በነበረበት ያልፋል። ከተነሳ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ደግሞ አናፖሊስ አጠገብ ያለው ቤይ ብሪጅ ይመጣል። ከውኃው እስከ ድልድዩ ሆድ 57 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የጭስ መውጫው የሚመታ መስሎ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ያልፋል። የዛሬዎቹ ግዙፍ መርከቦች ባልቲሞር የማይመጡትም ለዚህ ነው። የውኃ መንሸራተቻ ለሚናፍቁ ትልልቅ ልጆች ይህ ቅር ያሰኛል፤ በአጫጭር እግር ለሚሄዱ ግን ትንሽ መርከብ ይሻላል። የድልድዩ ትዕይንት ከመጀመሪያው ዙር እራት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል አስተናጋጁን የልጆቹን ምግብ ቶሎ እንዲያመጣ መጠየቅ ያስኬዳል። በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው የቪጋን ሜኑ እንዲመጣለት በዚሁ ምሽት ይናገር።

ከባልቲሞር እስከ አትላንቲክ አፍ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ስለሚኬድ የመጀመሪያው ምሽት መርከቡ እምብዛም አይነቃነቅም። ብዙዎች በዚህ ተታለው የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ሻንጣ ውስጥ ይረሱታል። ንቅናቄው የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የተለመደው የማቅለሽለሽ መድኃኒት ዳይመንሃይድሪኔት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ከዚያ በላይ ላሉት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ ልጁ ማስመለስ ሳይጀምር ይሰጣል።