ኳንተም ዶት ባለባቸው ነጭ ኤልኢዲዎች ብርሃን እንዴት ይባክናል፣ እንዴትስ ይድናል?

በየቤቱ የሚበራው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል በአብዛኛው ውስጡ ያለው ቺፕ ሰማያዊ ነው። የጃፓኑ ኒቺያ ኩባንያ ሹጂ ናካሙራ የሠራውን ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1993 ካስተዋወቀ በኋላ፣ በ1996 ቢጫ ፎስፈር (የዋጠውን ብርሃን ወደ ሌላ ቀለም የሚለውጥ ቁስ) ለብሶ ነጭ የሚያበራውን ለገበያ አወጣ። ሰማያዊውና ቢጫው ሲደባለቁ ለዓይን ነጭ ይሆናሉ። ይህ መብራት ኤሌክትሪክ በመቆጠብ የቀድሞውን ባለ ክር አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፤ ቀይ ብርሃን ግን ያንሰዋል፤ ቲማቲሙም ሥጋውም የሰው ፊትም ገርጥቶ ይታያል።

ቀይ ፎስፈር ቢጨመርበት ቀለሙ ይስተካከላል፣ ብርሃኑ ግን ይባክናል። የብርሃን ቀለም የሚለየው በሞገዱ ርዝመት ነው፣ የሚለካውም በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ነው። የሰው ዓይን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር ላይ ያለውን አረንጓዴ ነው፤ እዚያ 1 ዋት ብርሃን 683 ሉመን (ለዓይን የሚታይ ብርሃን መለኪያ) ይሆናል። ከ650 ናኖሜትር ወዲያ ያለውን እምብዛም አያየውም። የተለመደው ቀይ ፎስፈር ደግሞ ሰፋ አድርጎ ስለሚረጭ ከብርሃኑ ከፊሉ እዚያ ይወድቃል፤ ኤሌክትሪክ ተከፍሎበት ማንም የማያየው ብርሃን ማለት ነው።

ኳንተም ዶት የተፈለገው ለዚህ ነው። ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚለካ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ሲሆን ቀለሙን የሚወስነው መጠኑ ነው፤ ለምሳሌ ከካድሚየም ሴሌናይድ የተሠራው 2 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ 6 ገደማ ሲደርስ ወደ ቀይ ያደላል። ሙንጊ ባዌንዲ በ1993 መጠኑን እየመጠኑ ማምረት የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ፤ በ2023 ከሉዊስ ብሩስና ከአሌክሲ ኤኪሞቭ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሞበታል። ኳንተም ዶት የሚያወጣው ብርሃን 30 ናኖሜትር ገደማ ብቻ የሚሰፋ ስለሆነ ቀዩን 620 ላይ አስቀምጦ ከዚያ እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል።

ችግሩ የሚጀምረው ነጥቦቹ፣ ማለትም ኳንተም ዶቶቹ፣ ከላቦራቶሪው ብልቃጥ ሲወጡ ነው። በፈሳሽ ውስጥ እያሉ ጥሩ ሆነው የተሠሩት ከሚውጡት 100 ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከ90 በላይ መልሰው ያወጣሉ። ደርቀው በሲሊኮን ወይም በፕላስቲክ ውስጥ ሲጣበቁ ግን ይህ ይወርዳል። ተጠጋግተው ስለሚከማቹ አንዱ የያዘውን ጉልበት ብርሃን አድርጎ ሳያወጣ ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱም ለሌላው፤ እንከን ያለበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ አረንጓዴዎቹ ያወጡትን ቀዮቹ መልሰው ይውጡታል። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ትልቁ ሥራ ያለው ነጥቡን ከማምረት ይልቅ ማደሪያውን ከማበጀት ላይ ነው።

ኢስታንቡል በሚገኘው ኮች ዩኒቨርሲቲ በሰዳት ኒዛሞግሉ የሚመራ ቡድን በ2018 ያሳየው ይህንኑ ነው። ነጥቦቹን ከማድረቅ ይልቅ ከነፈሳሻቸው በሰማያዊው ቺፕና ከላይ በተደፋው የፖሊመር ሌንስ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ጨመሯቸው። እዚያ እንደተራራቁ ስለሚቆዩ በብልቃጥ ውስጥ የነበራቸው ብቃት አልወረደም። መብራቱ በዋት 105 ሉመን ሰጠ፤ በዚያን ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ መብራት ክብረ ወሰን ነበር። በስሌታቸው መሠረት ከ200 በላይ መድረስ ይቻላል።

ነጥቡን ራሱን የማሻሻል ሥራም አልቆመም። የካድሚየም ሴሌናይዱን ክሪስታል በዚንክ ሰልፋይድ መሸፈን በ1996 ብቃቱን ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር፤ ወፈር ያለ የካድሚየም ሰልፋይድ ሽፋን ደግሞ ነጥቡ የራሱን ብርሃን መልሶ እንዳይውጥ ይረዳል። አንድ ኪሳራ ግን በየትኛውም ሽፋን አይቀርም፦ የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ፎቶን ወደ 620 ቀይ ሲለወጥ 27 በመቶው ጉልበት ወደ ሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ ቀዩ የሚጨመረው ለቀለሙ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

ካድሚየም መርዛማ በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ከ0.01 በመቶ በላይ እንዳይገኝ ይገድባል። ብዙዎች ካድሚየም ወደሌለበት ኢንዲየም ፎስፋይድ የዞሩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብቃቱ መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛ ነበር፣ አሁን ግን በላቦራቶሪ ከ90 በመቶ በላይ ደርሷል። የጀርመኑ የመብራት ኩባንያ ኦስራም በ2019 ኳንተም ዶቶቹን ከእርጥበት ሸፍኖ ቺፑ ላይ ያሳረፈበትን ኤልኢዲ ለገበያ አቅርቧል። የአምፖል ዕድሜ በአሥር ሺዎች ሰዓት ስለሚቆጠር፣ ፈሳሹም ሆነ ደረቁ ማደሪያ ያን ሁሉ ጊዜ የቺፑን ሙቀት፣ ኦክስጅንንና እርጥበትን መቋቋም አለበት።