በሁለት ከተሞች መካከል ስንት ኪሎ ሜትር አለ? በአየርና በመንገድ

ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ያገኛል። አንዱ የአየር ርቀት ነው፣ ሌላው የመንገድ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን ለየቅል ነው።

የአየር ርቀት በምድር ገጽ ላይ ያለው አጭሩ መስመር ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ይሄ መስመር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲሰመር ጎበጥ ይላል። ከለንደን ኒውዮርክ የሚበር አውሮፕላን ካርታው ላይ ወደ ሰሜን የዞረ የሚመስለው ለዚህ ነው እንጂ መንገድ እያረዘመ አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው በከተሞቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። በአቪዬሽን ደግሞ መለኪያው ኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1,852 ሜትር።

መንገድ ግን ተራራ ይዞራል፣ ድልድይ ፍለጋ ይጠማዘዛል። ደህና መንገድ ባለበት ቦታ ከአየሩ ርቀት ከ20 እስከ 40 በመቶ ቢበልጥ የተለመደ ነው። ውሃ መሃል ሲገባ ግን ይሄ ግምት አይሠራም። የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስና የኡራጓይዋን ሞንቴቪዲዮን እንይ። በአየር ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቁም፣ አውሮፕላን ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል። በመሃላቸው ግን ሪዮ ዴ ላ ፕላታ የሚባለው ሰፊ የወንዝ አፍ ተንጣሏል፣ ድልድይም የለውም። ስለዚህ ባለመኪናው ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ የኡራጓይን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደቡብ መውረድ አለበት፤ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙ ሰው በመርከብ መሻገር የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ከፓናማ ሲቲ ቦጎታ ደግሞ ጭራሽ የመኪና መንገድ የለም፣ በፓናማና በኮሎምቢያ ድንበር ባለው ዳሪየን ጫካ ላይ ይቆረጣል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ኪሎ ሜትሩን ለፍጥነት አካፍሎ የሚገኘውን ቁጥር ባታምኑ ይሻላል። የመንገደኛ ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ግን ከመነሳቱ በፊት ወደ መንደርደሪያው በዝግታ ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ለማረፍም ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነት ይቀንሳል። አጭር በረራ ላይ ይሄ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ንፋሱም አለ። በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የአየር ጅረት ከኒውዮርክ ለንደን የሚሄደውን ይገፋዋል፣ የሚመለሰውን ይጋፋዋል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የመልሱ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ሊረዝም ይችላል።

ለእኔ ትክክለኛው ሰዓት ከቤት በር እስከ መድረሻው በር ያለው ነው። 350 ኪሎ ሜትር በመኪና፣ መንገዱ ጥሩ ከሆነ፣ አራት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። በአየር አንድ ሰዓት ነው ይባላል። ግን ኤርፖርት ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ቀድሞ ለመገኘትና ለፍተሻ ሌላ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሻንጣ መጠበቅና ወደ ከተማ መግባት አለ፤ ሲደመር አውሮፕላኑ ብዙም አይቀድምም። ኤርፖርቱ ሩቅ ከሆነማ ይብሳል። የቶኪዮው ናሪታ ከከተማው መሃል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ክርክር የለውም፣ አውሮፕላን ነው።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የየከተማው የራሱ ሰዓት መሆኑንም ልብ በሉ። ሁለቱን ቀንሶ የበረራውን ርዝመት ማወቅ የሚቻለው የሰዓት ልዩነቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው።