በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ቤት ስለቀረው ሰው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባርነትን ላለማጣት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ከሰሜኑ ጋር ስለተዋጉበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲወራ የሰሜኑ ፕሬዚዳንት ሊንከን ይነሳል፣ የደቡቡ ጄኔራል ሊ እና የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ይነሳሉ። ከ1861 እስከ 1865 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቤቱ የቀረው ሰው ግን ወይ ይረሳል፣ ወይ በተሳሳተ መንገድ ይተረካል። ዲሲና ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ደግሞ ነገሩ በተፈጸመበት መሬት ላይ ነው የምንኖረው። በትክክል ብናውቀው ደስ ይለኛል።

«ውጊያው ሜዳ ላይ ነበር፤ ሰላማዊውን ሰው ብዙም አልነካውም»

በሰሜኗ ፔንስልቬኒያ ያለችውን ጌቲስበርግን እንውሰድ። ከተማዋ 2,400 ገደማ ነዋሪ ነበራት። በጁላይ 1863 የሦስት ቀኑ ውጊያ ሲያበቃ በከተማዋና በዙሪያዋ ከ20,000 በላይ ቁስለኛ ቀረ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሰው ሳሎንም ሆስፒታል ሆነ። ጄኒ ዌድ የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ደግሞ ከእናቷ ጋር ሆና አራስ እህቷን እያረሰች ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊጥ እያቦካች ሳለ በር በስቶ የገባ ጥይት ገደላት።

«ደቡቦች የተራቡት እህል ስላልነበረ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይሄ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ያመጣውን ረሃብ የሰማይ ቁጣ ያስመስለዋል።

ደቡብ የእርሻ አገር ነው። እህል ነበረ። የጠፋው እህሉ ሰው እጅ የሚደርስበት መንገድ ነው። ባቡሩ ወታደርና ጥይት ያመላልሳል፤ ሐዲዱ ሲበላሽ መተኪያ ብረት የለም። ወደቦቹን የሰሜኑ ባሕር ኃይል ዘግቷል። የደቡቡ መንግሥት ደግሞ የጦርነቱን ወጪ የሚሸፍነው ገንዘብ እያተመ ነው። ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ዋጋ ከመነሻው ከ90 እጥፍ በላይ ንሮ ነበር።

በማርች 1863 ሌላ ሕግ መጣ። ሠራዊቱ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ከገበሬው እህልና ከብት መውሰድ ይችላል ተባለ። በወሩ ደግሞ ከምርት አንድ አሥረኛው በዓይነት ግብር ሆኖ ተጣለ። ገበሬው ምን ያድርግ? ጭኖ ወደ ከተማ ቢመጣ መንገድ ላይ ሊወሰድበት ነው። ደበቀዋ።

የጨው ነገር ደግሞ አለ። ያኔ ፍሪጅ የለም፤ ሥጋ የሚከርመው በጨው ነው። ጨው ሲጠፋ ሰዎች ለዓመታት ሥጋ ያጨሱበትን ቤት ወለል ቆፈሩ። አፈሩ ከላይ ሲንጠባጠብ የኖረውን ጨው ይዟል። አፈሩን በውሃ አጥልለው፣ ውሃውን አፍልተው፣ ከሥር የቀረችውን ጨው ጠርገው ተጠቀሙ። ቡናም ጠፋ። የባሚያ ፍሬና ስኳር ድንች እየቆሉ አፈሉ። ቡና ለለመደ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም።

ኤፕሪል 2፣ 1863 የደቡቡ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሴቶች «ዳቦ!» ብለው ወጡ። የፋብሪካ ሠራተኞች አሉበት፣ የወታደር ሚስቶችና እናቶች አሉበት። መጀመሪያ አገረ ገዥውን ጠየቁ። የሚጨበጥ መልስ ሲያጡ መደብሮቹን ሰብረው ገቡ፤ ዱቄት፣ ሥጋና ጫማ ተሸክመው ወጡ። ልብ በሉ፣ መደብሮቹ ባዶ አልነበሩም። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ዴቪስ ራሳቸው መጥተው «ካልተበተናችሁ ይተኮሳል» አሉ። ባለሥልጣናቱም ጋዜጦች ወሬውን እንዳያወጡ ጠየቁ።

«ሴቶቹ ካልሲ ሠሩ፣ ቁስለኛ አስታመሙ፤ ሌላውን ወንዶቹ ሠሩት»

ጥይቱን ማን የሠራው ይመስላችኋል? ባሩድና የእርሳስ አረር በወረቀት መጠቅለል ቀጭን ጣት ይፈልጋል ተብሎ የሚቀጠሩት ወጣት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ሴፕቴምበር 17፣ 1862 ፒትስበርግ አጠገብ የነበረው የጥይት ማምረቻ ፈንድቶ 78 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በማርች 1863 ሪችመንድ ውስጥ እንዲሁ ከ40 በላይ ሞቱ፤ ከነሱ መሃል ሕፃናት ነበሩበት። በጁን 1864 ዲሲ ውስጥ 21 ሴቶች አለቁ። ቀብራቸው ላይ ፕሬዚዳንት ሊንከን ተገኝተዋል። ሐውልታቸው ዛሬም ዲሲ ኮንግሬሽናል መካነ መቃብር ውስጥ ቆሟል።

«በባርነት የነበሩት ነፃነታቸው እስኪታወጅ ተቀምጠው ጠበቁ»

አዋጁ የጸናው በጃንዋሪ 1863 ነው። በሜይ 1861 ግን፣ ጦርነቱ ከጀመረ ገና ወር ሲያልፈው፣ ሦስት ሰዎች ቨርጂኒያ ውስጥ አምልጠው ሰሜኖች የያዙት ፎርት ሞንሮ ምሽግ ገቡ። ጌታቸው መልሱልኝ ቢል የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር እምቢ አሉ። ወሬው ሲሰማ ቤተሰብ በቤተሰብ ሆኖ ሰዉ ይጎርፍ ጀመር። ዲሲ አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያም በሰሜን ጦር እጅ ስለነበረች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጡባት። መጠለያው ጠባብ፣ በሽታው ብዙ ነበር። ከ1864 ጀምሮ በተከፈተላቸው መቃብር 1,800 ገደማ ሰው ተቀበረ። ያ ቦታ በኋላ ነዳጅ ማደያ ተሠራበት። መታሰቢያ ሆኖ የተመረቀው በ2014 ነው። ሳውዝ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ስለሆነ ብዙዎቻችን በመኪና አልፈነዋል።

«ሰሜኑ ግን አንድ ልብ ነበር»

አልነበረም። በ1863 የወጣው የምልመላ ሕግ ዕጣ የደረሰው ሰው ወይ በራሱ ቦታ ምትክ እንዲልክ፣ ወይ 300 ዶላር ከፍሎ እንዲቀር ፈቀደ። 300 ዶላር ለቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ያህል ነው። በጁላይ ሕጉን በመቃወም በተነሳ ሁከት ኒው ዮርክ ለአራት ቀን ታመሰች፤ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ቁጣው ከሀብታሙ ይልቅ ያረፈው ጥቁሮች ላይ ነው። ሰዎች ተሰቀሉ። ከ200 በላይ ጥቁር ልጆች የሚኖሩበት የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ተቃጠለ፤ ልጆቹ ቀድመው ስለወጡ ተረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ኮንግረስ የ300 ዶላሩን ነገር ሃይማኖታቸው ከውጊያ ለሚከለክላቸው ብቻ አስቀርቶ ለሌላው ሰው ሰረዘው። ምትክ ሰው መቅጠር ግን እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ የተፈቀደ ነበር።