«ታች ውሃ ነው፣ ብንወድቅስ?» በባሕር ዳርቻ ፓራግላይዲንግ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም ነፋስ በሚሞላው የጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ በመንሳፈፍ፣ ከፊቴ አስቀምጬ ከማበራቸው ሰዎች ብዙዎቹ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳስለብሳቸው ፈገግ ይሉና «ይሄ ለምን አስፈለገ? ታች ባሕር አይደል? ብንወድቅም ውሃ ላይ ነው» ይሉኛል። ይህን መስማት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ያበሳጨኛል። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን ቀላል ቀላሉን ልጨርስ።

«ከገደል መዝለል ነው።» አይደለም። ክንፉ በነፋስ ተሞልቶ ከአናታችን በላይ ሲቆም ጥቂት እርምጃ እንሮጣለን፤ ከዚያ መሬቱ ራሱ ከእግራችን ሥር ይርቃል። ሆድን ባር ባር የሚያሰኝ መውደቅ የለበትም።

«ጀልባ ነው የሚጎትተው።» በጀልባ የሚጎተተው ፓራሴይሊንግ ይባላል። የኛን የሚጎትተው የለም፣ ሞተርም የለውም።

«ያው ፓራሹት ነው።» ግራ መጋባቱ ይገባኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረንሳይ ሚየሲ ሦስት ፓራሹተኞች ከተራራ ላይ እየሮጡ የተነሡት በፓራሹታቸው ነበር። የዛሬው ክንፍ ግን የተሠራው ለመንሳፈፍ ነው። ከፊቱ ባሉት ክፍተቶች የሚገባው አየር ቅርጹን አጽንቶ ይይዘዋል፤ በረጋ አየር አንድ ሜትር ሲወርድ ስምንት ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል።

«ነፋሱ በበረታ ቁጥር ይሻላል።» ይህ አመለካከት ሰውን ይጎዳል። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ መሄጃ አጥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ እኛም በዚያ አየር ላይ በገደሉ ጠርዝ እንመላለሳለን። የክንፉ ፍጥነት ግን በሰዓት ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ያንን ካለፈ ፊታችንን ወደ ባሕር አዙረን እንኳ ወደ ኋላ እንገፋለን፤ ከገደሉ አናት ጀርባ ደግሞ አየሩ ይሽከረከራል፣ ክንፍም ያጣጥፋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ መሆኑንም አትርሱ። አብራሪ «ዛሬ አይሆንም» ካላችሁ አትጨቅጭቁት።

አሁን ወደ ባሕሩ። ለበረራችን ውሃ ከደረቅ መሬት የባሰ ማረፊያ ነው። መቀመጫችን ጀርባችንን ከግጭት የሚጠብቅ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የአየር ከረጢት አለው። ውሃ ውስጥ ስትገቡ ያ ነገር ይንሳፈፍና ከኋላ ወደ ላይ ይገፋችኋል፤ ፊታችሁ ወደ ታች ይደፋል። በዚያ ላይ ከክንፉ ጋር የሚያያይዙን ቀጫጭን ገመዶች በእጅና በእግር ይጠመጠማሉ። ማዕበል ካለ ደግሞ ውሃ የሞላው ክንፍ ከማዕበሉ ጋር ወዲያና ወዲህ ይጎትታችኋል። ዋና መቻል እዚህ ላይ ብዙም አያድንም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ብቻዬን ስበር ነፋሱ በድንገት ሞተ። ከገደሉ ሥር አሸዋ ነበር ብዬ ወረድኩ፤ ባሕሩ ሞልቶ አሸዋውን ውጦታል። ያረፍኩበት ውሃ ከወገቤ አይበልጥም። ሁለተኛው ማዕበል ክንፉን ሲይዘው ገመድ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጠመጠመ፣ ከዚያ በኋላ መቆም አልቻልኩም። ባልደረባዬ ሮጦ ገብቶ ገመዱን በቢላ ባይቆርጠው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የወገብ ያህል ውሃ ነው የምላችሁ!

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ማረፊያው የት እንደሆነ አብራሪውን ጠይቁ፤ በጣቱ ያሳያችሁ። ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። ጃኬቱን ልበሱ፣ ገመድ መቁረጫ መያዙንም እዩ። ውሃ ላይ ማረፍ የግድ ከሆነ የመቀመጫው ማሰሪያ የሚፈታው አብራሪው «ፍቱ» ሲላችሁ ብቻ ነው። እግራችሁ ውሃ ሳይነካ አትዝለሉ፤ ለስላሳ የውሃ ገጽ ከፍታን ያሳስታል፣ አንድ ሜትር የቀረ ሲመስላችሁ አሥር ሊሆን ይችላል። ውሃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ከገመዶቹ ራቁ፤ ክንፉን ለማዳን አትሞክሩ።

«ከፍታ የሚፈራ አይችልም» የሚለው ደግሞ እኔ ካየሁት ጋር አይገጥምም። ሰገነት ላይ ጉልበታቸው የሚከዳቸው ሰዎች አብረውኝ በረው ሲያርፉ «እንደገና» ብለውኛል። ከእግራቸው እስከ መሬት በዓይን የሚከተሉት ግድግዳ ስለሌለ ይመስለኛል።

አንድ ቀረኝ፤ «በጠዋት አየሩ ጥሩ ነው፣ በማለዳ እንምጣ» የሚሉኝ አሉ። እንደ ቱርኩ ባባዳግ ከ1,900 ሜትር በላይ ካለው ተራራ ተነሥቶ ወደ ባሕር ለሚንሳፈፍ ሰው ማለዳ መልካም ሊሆን ይችላል። ከአጭር ገደል ለምንነሣው ግን የሚያቆየን የባሕሩ ነፋስ ነው፤ እሱም የሚመጣው የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ሲሞቅ ነው። በማለዳ ብትመጡ ገደሉ ላይ ተቀምጠን ነፋስ እንጠብቃለን። ከቀትር በኋላ ኑ።